ለ14 ቀን የቆመው ራይኽስታግ፦ የሚያልፍ ሥራ ፎቶው የማን ነው?

(ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በስተቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአደባባይ የቆመን ነገር ፎቶ ማንሳትና ያንን ፎቶ መሸጥ ማን ይከለክላል? ብዙ ሰው «ማንም» ብሎ ይመልሳል። አደባባይ የሁሉም ነው፤ ዓይን ያየውን ካሜራ ቢደግመው ምን ነውር አለው? የጀርመን ሕግም ከ1876 ጀምሮ ከዚህ ብዙ ያልራቀ መልስ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ሕጉ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤ «በቋሚነት» የምትል። በዚህች ቃል የተነሳ ሁለት ዓለም ያወቃቸው አርቲስቶችና አንድ የፖስትካርድ አሳታሚ ለዓመታት ተሟገቱ፤ ጉዳዩም እስከ አገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት ዘለቀ።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለ14 ቀን ብቻ የቆመ፣ ከዚያም ተገፎ የተነሳ ሥራ ፎቶው የማን ነው? የሠሪው ነው ወይስ ፊቱ ቆሞ ያየው ሕዝብ?

▪️ በፖስትካርድ የተጀመረ ነገር

ታሪኩ የሚጀምረው በ1971 ነው። በበርሊን የሚኖር ማይክል ከለን የተባለ አሜሪካዊ ኒውዮርክ ላለው አርቲስት ክሪስቶ አንድ ፖስትካርድ ላከ። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል ራይኽስታግ፣ ማለትም የቀድሞው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ ነው። መልእክቱም «ይህን ብትጠቀልለውስ?» የሚል ሐሳብ ነበር።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ ነገሮችን በጨርቅና በገመድ በመጠቅለል ይታወቁ ነበር። ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ቀን፣ ሰኔ 13 ቀን 1935 ነው፤ እሱ ቡልጋሪያ፣ እሷ ሞሮኮ። ክሪስቶ በ1957 ከኮሚኒስቱ ዓለም አምልጦ በዕቃ ባቡር ተደብቆ ቪየና የገባ ስደተኛ ነው። ከምሥራቅ ለሸሸ ሰው፣ የበርሊን ግንብ ጀርባውን ታክኮ የሚያልፍበት ሕንፃ ተራ ሕንፃ አልነበረም።

ራይኽስታግ ራሱ ብዙ ያየ ሕንፃ ነው። በአርክቴክት ፓውል ቫሎት ንድፍ ተሠርቶ በ1894 ተጠናቀቀ። በ1916 ግንባሩ ላይ «ለጀርመን ሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። የካቲት 27 ቀን 1933 ተቃጠለ፤ ናዚዎች ቃጠሎውን ሥልጣን ለመጠቅለል ተጠቀሙበት። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ባንዲራቸውን አናቱ ላይ ሰቀሉ፤ ይህንንም ዓለም የሚያስታውሰው በአንድ ፎቶ ነው። ከዚያ አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ሕንፃው በምዕራቡ በኩል፣ በግንቡ ጥግ፣ ሥራ ፈትቶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ቀረ።

ባልና ሚስቱ ፈቃድ ለማግኘት 24 ዓመት ደጅ ጠኑ። በ1977፣ በ1981 እና በ1987 «አይቻልም» ተባሉ። ግንቡ ፈርሶ ጀርመን ስትዋሐድ ግን ነገሩ ነፍስ ዘራ። የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሪታ ዙስሙት ደገፏቸው። ቻንስለር ሄልሙት ኮል ተቃወሙ። የካቲት 25 ቀን 1994 የቦን ፓርላማ በሥነ ጥበብ ሥራ ጉዳይ ተሰብስቦ ተከራከረ። ቮልፍጋንግ ሾይብለ «ይህ ሕዝቡን አያቀራርብም፣ ይከፋፍላል» የሚል ሙግት አቀረቡ። ድምፅ ሲቆጠር 292 ደገፉ፣ 223 ተቃወሙ፣ 9 ድምፅ ተዓቀቡ።

በሰኔ 1995 ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ፣ አሉሚኒየም የተረጨበት ብርማ ጨርቅና ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሰማያዊ ገመድ ሕንፃውን ሸፈነው። 90 ባለሙያ ተራራ ወጪዎች በግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ሠሩ። ሰኔ 24 ቀን ተጠናቀቀ፤ ሐምሌ 7 ቀን መገፈፍ ተጀመረ። በእነዚያ 14 ቀናት 5 ሚሊዮን የሚገመት ሰው መጥቶ አየው። ከመንግሥት አንድ ሳንቲም አልተወሰደም፣ ስፖንሰርም አልነበረም። ወጪው የተሸፈነው ክሪስቶ አስቀድሞ የሠራቸውን ንድፎች፣ ኮላዦችና ሞዴሎች በመሸጥ ነው። ጨርቁም ሲነሳ ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ተደረገ። ከዚያ በኋላ የቀረው ትዝታና ፎቶ ብቻ ነው።

ጠቡም የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

▪️ «በቋሚነት» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ አሳታሚ የተጠቀለለውን ሕንፃ ፎቶ በፖስትካርድ አትሞ ሸጠ። አርቲስቶቹ ሳያስፈቅድ በመሥራቱ ከሰሱት።

አሳታሚው እጁ ላይ ጠንካራ የሚመስል መከላከያ ነበረው። የጀርመን የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 59 በመንገድ፣ በጎዳናና በአደባባይ በቋሚነት የሚገኙ ሥራዎችን በሥዕል፣ በፎቶ ወይም በፊልም ማባዛትና ማሠራጨት ይፈቅዳል። ለንግድ ቢሆንም ይፈቅዳል። ጀርመኖች ይህንን «የፓኖራማ ነፃነት» ይሉታል። ድንጋጌው በ1876 የሥነ ጥበብ ሕግ ውስጥ ነበረ፣ በ1907 ታደሰ፣ በ1965 ወደ አሁኑ ሕግ ተሻገረ። መነሻው ግልጽ ነው፦ ሥራውን አደባባይ ያቆመ ሰው ለሕዝብ ሰጥቶታል፤ ከተማውን የሚሥል ወይም ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ እያንዳንዱን አርክቴክትና ቀራፂ እየዞረ ፈቃድ ይጠይቅ ማለት አይቻልም።

የአሳታሚው ሙግት በአጭሩ ይህ ነበር። የተጠቀለለው ራይኽስታግ ከተወለደበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አደባባይ ላይ ነበር። አንድም ቀን ወደ ቤት አልገባም። ሙሉ ዕድሜውን አደባባይ ላይ ካሳለፈ ታዲያ ከዚህ በላይ «በቋሚነት» ምን አለ?

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሕግ ምሁራን ቀድሞም የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ ከበረዶ የተሠራ ቅርፅ ቢቀልጥም፣ በመንገድ ላይ በጠመኔ የተሣለ ሥዕል በዝናብ ቢጠፋም፣ በተፈጥሮ ዕድሜው ልክ አደባባይ ላይ እስከ ኖረ ድረስ «ቋሚ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ፎቶውም ነፃ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ ደመራ ነው። ደመራ በዚያው ምሽት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ዕድሜው ግን ያው ነው፣ ከዚያ በላይ ሊኖር የታሰበ አይደለም። በዚህ አስተሳሰብ «ጊዜያዊ ነበር» ተብሎ ፎቶው አይከለከልም። (እርግጥ ደመራ የሕዝብ ሁሉ ትውፊት እንጂ የአንድ ደራሲ ሥራ አይደለም።) አሳታሚውም «የእኔም ነገር እንደዚያው ነው» ነበር የሚለው።

የጀርመን የፌዴራል ፍትሕ ፍርድ ቤት ጥር 24 ቀን 2002 በካርልስሩኸ ፍርዱን ሰጠ። አሳታሚው ተረታ። ችሎቱ ያየው ሥራው ምን ያህል ቀን ኖረ የሚለውን ሳይሆን ለምን ዓላማ ቆመ የሚለውን ነው። በረዶው የሚቀልጠው ባሕርዩ ስለሆነ ነው። ጨርቁ ግን የተነሳው ሠሪዎቹ አስቀድመው ጊዜ ስለወሰኑለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ጣሪያ የሌለው ኤግዚቢሽን ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ለዕይታ ቀርቦ የሚነሳ። ለኤግዚቢሽን የመጣ ሥራ ደግሞ በአደባባይ ቢሆንም «በቋሚነት» የቆመ አይባልም።

ውጤቱ ሲታይ ግር ያሰኛል። ቫሎት የሞተው በ1912 ስለሆነ የሕንፃው የቅጂ መብት ካበቃ ቆይቷል፤ የራይኽስታግን ፎቶ ማንም አትሞ ይሸጣል። ያ ሕንፃ ጨርቅ ሲለብስ ፎቶው ተዘጋ። ጨርቁ ሲወልቅ ተመልሶ ተከፈተ። እንግዲህ ጥበቃው የሚቆየው የመጨረሻው ደራሲ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። ዣን ክሎድ በ2009፣ ክሪስቶ በግንቦት 2020 ዐረፉ። ስለዚህ 14 ቀን የኖረው ሥራ እስከ 2090 መጨረሻ ድረስ በሕግ እንደተጠበቀ ይቆያል። «ለጀርመን ሕዝብ» የሚለውን ጽሑፍ የተሸከመው ሕንፃ፣ በዘመናዊ ታሪኩ እጅግ ብዙ ሕዝብ የጎበኘበት ሁለት ሳምንት፣ ፖስትካርዱ ያለ ፈቃድ አይሸጥም ማለት ነው።

▪️ ፓሪስ ቀድማ ነበር

አርቲስቶቹ በዚህ መንገድ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በመስከረም 1985 የፓሪስን ጥንታዊ ድልድይ፣ ፖን ኔፍን፣ በ40,000 ካሬ ሜትር ገደማ ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። ያም የቆየው 14 ቀን ነው። በመጋቢት 1986 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥቅለሉ ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ምስሉን ለንግድ ማዋል አይቻልም አለ። ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ የፓኖራማ ነፃነት የሚባል ድንጋጌ ስላልነበራት «ቋሚ ነው፣ አይደለም» የሚል ክርክር እንኳን አላስፈለገም።

ነገር ግን በዚያው ከተማ በ1987 ሌላ ፍርድ ተሰጠ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የተጠቀለሉ ዛፎችንና ሌሎች ነገሮችን በማስታወቂያው ሲያሳይ ክሪስቶ ከሰሰ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ «ድልድዩን የጠቀለልክበት ያ ሥራ ያንተ ነው፤ መጠቅለል የሚባለው ሐሳብ ግን ያንተ አይደለም» የሚል አቋም ያዘ። የቅጂ መብት ከሥር መሠረቱ ይኸው ነው፦ የሚጠብቀው ቅርፅ የያዘውን ሥራ ነው፤ ሐሳብን ማንም አጥር አያጥርበትም።

ፈረንሳይ በጥቅምት 2016 ሕጓን አሻሽላ በመንገድ ላይ በቋሚነት የቆሙ ሕንፃዎችንና ቅርፃ ቅርፆችን ግለሰቦች ለንግድ ላልሆነ ዓላማ ማባዛት እንዲችሉ ፈቀደች። ልብ በሉ፤ እዚህም «በቋሚነት» የምትለዋ ቃል አለች። የአውሮፓ ኅብረት የ2001 መመሪያም አባል አገራት ይህን ነፃነት መስጠት የሚችሉት «በሕዝብ ቦታዎች በቋሚነት እንዲገኙ ለተሠሩ» ሥራዎች ነው ይላል። በሐምሌ 2015 የአውሮፓ ፓርላማ ነፃነቱን ለንግድ ባልሆነ አጠቃቀም ብቻ ይገድብ የነበረን ሐሳብ በድምፅ ጥሎታል። ጊዜያዊ ሥራዎችን በሩ ውጭ የሚያስቀረው ቃል ግን አልተነካም።

▪️ ሌላው ዓለም ሌላ መልስ አለው

እንግሊዝን ብንወስድ የ1988 ሕጓ ሁለት ሚዛን ይዟል። ቅርፃ ቅርፅ ከሆነ በሕዝብ ቦታ በቋሚነት መቆም አለበት። ሕንፃ ከሆነ ግን የቋሚነት ጥያቄ የለም፤ ሕንፃ እስከ ሆነ ድረስ ፎቶው ነፃ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ለንደን ውስጥ ሰርፐንታይን ጋለሪ ከ2000 ጀምሮ በየበጋው የሚያሠራው ድንኳን መሰል ሕንፃ ነው። ተሠርቶ ለወራት ቆይቶ ይነሳል። በ2017 የሠራው ቡርኪናፋሶ የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ ነበር። ያው ሥራ «ሕንፃ ነው» ከተባለ ፎቶ አንሺው ነፃ ነው፤ «ቅርፃ ቅርፅ ነው» ከተባለ ደግሞ ሌላ ሙግት ይከፈታል።

አሜሪካ ደግሞ ከሌላ በር ትገባለች። በ1990 የወጣው ሕጓ ከሕዝብ ቦታ የሚታይን ሕንፃ ፎቶ ማንሳትና መሸጥ ይፈቅዳል። ነገር ግን «ሕንፃ» የምትለው ሰው የሚገለገልበትን፣ ቋሚና የማይንቀሳቀስ ግንባታ ነው። ድንኳንና ጀልባ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ጊዜያዊ ግንባታ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ እንደ ሕንፃ ከጥበቃውም ውጭ፣ ከነፃነቱም ውጭ ነው። እንደ ቅርፃ ቅርፅ ከተቆጠረ ግን ጥበቃውን ያገኛል፤ ለሕንፃ የተሰጠው የፎቶ ነፃነት ግን አይደርሰውም።

ጀርመን ራሷም ቃሏን ትንሽ ፈታ አድርጋለች። በሚያዝያ 2017 ያው ፍርድ ቤት በአንድ የመዝናኛ መርከብ አፍንጫ ላይ ስለተሣለ የከንፈር ሥዕል ፈረደ። መርከቡ ከወደብ ወደብ ይዞራል፤ አንድ ቦታ አይቆምም። ችሎቱ ግን «ቋሚ» ማለት «የማይንቀሳቀስ» ማለት አይደለም፤ ሥራው ለረጅም ጊዜ በሕዝብ ቦታ እንዲታይ ከታሰበ ይበቃል አለ። ተንቀሳቃሹ መርከብ «ቋሚ» ሆነ፤ ከመሬት የማይነቃነቀው ፓርላማ የለበሰው ጨርቅ «ቋሚ ያልሆነ» ሆኖ ቀረ። በሕጉ ቋንቋ ይህ አይጋጭም። ለመንገደኛው ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለችም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ሕንፃ ሥራን ከሚጠበቁ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ለግል አገልግሎት መቅዳትን፣ ለማስተማርና ለዜና መጠቀምን የሚመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። እንደ ጀርመኑ አንቀጽ 59 የአደባባይ ፎቶን ለብቻው የሚፈቅድ አንቀጽ ግን የለውም። ቋሚውም ጊዜያዊውም ሥራ በጽሑፍ ደረጃ እኩል በዝምታ ታልፏል። በየከተማው አዳዲስ አደባባዮች፣ ሐውልቶችና ለበዓል የሚተከሉ ግንባታዎች በሚበዙበት በዚህ ጊዜ ዝምታው መልስ የሚሻ ነው።

▪️ የሚያልፍ ነገር ከፎቶ ሌላ ምን አለው?

የካርልስሩኸ ፍርድ በአርቲስቱ ዓይን ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ሰዎቹ 24 ዓመት ደክመው፣ በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው፣ መግቢያ ሳያስከፍሉ ለሕዝብ አሳዩ። ሌላው መጥቶ ያንኑ ምስል አትሞ ለትርፍ ሲሸጥ «ይህ ልክ አይደለም» ማለታቸው ስስት አይባልም። ለሁለት ሳምንት ለዕይታ የቀረበ ሥራ ለዘላለም ተሰጥቷል ማለትም አይቻልም።

ይሁን እንጂ የቃሏ አሠራር የተገላቢጦሽ ነው። በቋሚነት የቆመ ሕንፃ ፎቶ ባይኖረውም ሄዶ ማየት ይቻላል። የሚነሳ ሥራ ግን ከተነሳ በኋላ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ሕጉ በጣም ነፃ የሚያደርገው ፎቶ በጣም የማያስፈልገውን ነው፤ በጣም የሚያጥረው ደግሞ ትዝታው በፎቶ ላይ ብቻ የተንጠለጠለውን።

የሥነ ሕንፃ ታሪክ ለዚህ ምስክር ሞልቶታል። ሚስ ቫን ደር ሮኸ በ1929 ለባርሴሎና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሠራው የጀርመን ድንኳን በ1930 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመታት ያህል ዓለም ሕንፃውን ያወቀው በጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነው። በ1986 በቀድሞ ቦታው ዳግም ሲገነባ ፎቶዎቹና የተረፉት ንድፎች መመሪያ ሆኑ። የኤፍል ማማም ለ1889ኙ ኤግዚቢሽን ሲቆም የተሰጠው ፈቃድ 20 ዓመት ብቻ ነበር፤ ለሬዲዮ ባያገለግል ኖሮ ዛሬ እሱም በፎቶ ብቻ የምናውቀው ነገር በሆነ ነበር። «ጊዜያዊ» የተባለው የትኛው እንደሚቀር፣ «ቋሚ» የተባለውም የትኛው እንደሚፈርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በዚያ ላይ ዘመኑ ተለውጧል። በ1995 ፎቶ ያነሳው ሰው ፊልሙን አሳጥቦ አልበሙ ውስጥ አኖረው፤ ሕጉም ለግል የሚደረግ ቅጂን ስለሚፈቅድ ችግር አልነበረም። በመስከረም 2021፣ ክሪስቶ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የፓሪሱ አርክ ደ ትሪዮምፍ በ25,000 ካሬ ሜትር ጨርቅ ሲጠቀለል ግን ጎብኚው ሁሉ ስልክ ይዞ ነበር። ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፈ ሰው በሕግ ቋንቋ ሥራውን «ለሕዝብ አቅርቧል»። ያ ሁሉ ጎብኚ አሳታሚ ሆነ ማለት ነው። ማንም አይከሳቸውም ይሆናል። ነገር ግን የሰዎች ተራ ድርጊት ፈቃድ የሚሻ ሆኖ፣ የሚያድናቸው የባለመብቱ ቸልታ ብቻ ከሆነ፣ ያ ነፃነት አይባልም።

ስለዚህ መለየት ያለበት ቋሚና ጊዜያዊ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። ሥራውን ራሱን ሸቀጥ አድርጎ በካርድና በቲሸርት የሚሸጥ ነጋዴ ለሠሪው ፈቃድ ቢጠይቅና ድርሻ ቢከፍል ተገቢ ነው። እዚያ የነበረ ሰው ያየውን ቢያጋራ፣ የታሪክ ጸሐፊ መጽሐፉ ውስጥ ቢያስገባው፣ የከተማ ሙዚየም በድረ ገጹ ቢያኖረው ግን «14 ቀን ብቻ ነበር የቆመው» የሚለው ምክንያት ሊከለክላቸው አይገባም። እንዲያውም የሚያስፈልጉት በትክክል ስላለፈ ነው።

ዛሬ ራይኽስታግ ኖርማን ፎስተር የሠራለትን የመስታወት ጉልላት ደፍቶ የፓርላማ ሥራውን ይሠራል። ጉልላቱ የዘመናችን ሥራ ነው፤ አርክቴክቱም የቅጂ መብት አለው። ሆኖም ከመንገድ የተነሳ ፎቶውን በርሊን ውስጥ ማንም አትሞ ይሸጣል፤ ቋሚ ነዋ። የ1995ቱ ብርማ ሕንፃ ፖስትካርድ ያለ ፈቃድ የሚታተመው ግን በ2091 ነው። ያኔ በእነዚያ 14 ቀናት እዚያ ቆሞ ካየው ሰው በሕይወት የሚገኝ ካለ፣ ያን ጊዜ በአባቱ ትከሻ ላይ የነበረ ሕፃን ብቻ ነው።